ፕላኔትን በድምፁ መለየት፦ የጠፈር ጌም ለጆሮ የሚሰጠው ምልክትና ከጀርባው ያለው ሳይንስ

«ኤሊት ዴንጀረስ» የተባለውን የጠፈር አሰሳ ጌም የሚጫወት ሰው ወደ አንድ አዲስ ሥርዓተ ኮከብ ዘልሎ ሲገባ፣ ፊት ለፊቱ ከሚንቀለቀለው ኮከብ በቀር በዙሪያው ምን እንዳለ አያውቅም። የትኛው ነጥብ በረዶ የለበሰ፣ የትኛው ራቁቱን የቀረ ዐለት፣ የትኛው ደግሞ ውኃና አየር ያለው ዓለም እንደሆነ ለይቶ መመዝገብ የአሳሹ ሥራ ነው፤ የመዘገበውን መረጃ ዩኒቨርሳል ካርቶግራፊክስ ለሚባለው የጌሙ ተቋም ሲሸጥ ክሬዲት የሚባለውን የጌሙን ገንዘብ ያገኛል፣ ቀድሞት የደረሰ ከሌለም ስሙ ከፕላኔቱ ጋር ተያይዞ ይጻፋል። ክፍያው ግን እኩል አይደለም። መሬት መሰል ዓለማት፣ የውኃ ዓለማትና የአሞኒያ ዓለማት ከተራ የበረዶ ፕላኔት ጋር በማይነጻጸር ዋጋ ይሸጣሉ። በርካታ ፕላኔቶችና ጨረቃዎች በተሰባሰቡበት ሥርዓት ውስጥ ዋጋ ያለውን ከሌለው ቶሎ ለመለየት ደግሞ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ከዓይናቸው ይልቅ ጆሯቸውን ያስቀድማሉ፤ በጌሙ ውስጥ እያንዳንዱ የፕላኔት ዓይነት የራሱ ድምፅ አለውና።

ይህ አሠራር እንዴት ሊኖር እንደቻለ ለመረዳት የጌሙን ስፋት ማሰብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው «ኤሊት» እ.ኤ.አ. በ1984 በዴቪድ ብሬበንና በኢያን ቤል የተሠራ ሲሆን፣ የአሁኑን «ኤሊት ዴንጀረስ» ያዘጋጀው የእንግሊዙ ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ ነው፤ ለገበያ የቀረበውም በታኅሣሥ ወር 2014 እ.ኤ.አ. ነበር። ጌሙ የእኛን ጋላክሲ በሙሉ መጠኑ ለመወከል የሚሞክር በመሆኑ ወደ 400 ቢሊዮን የሚጠጉ ሥርዓተ ኮከቦችን ይዟል። ይህን ያህል ዓለም ማንም ሰው በእጁ ሊሥል አይችልም። ከሚታወቁት ኮከቦች በቀር የሚበዛው ክፍል የተፈጠረው በቀመር ነው፦ ቀመሩ ለእያንዳንዱ ፕላኔት ክብደቱን፣ ሙቀቱን፣ ከምን እንደተሠራ ያሰላና ከጥቂት ዓይነቶች በአንዱ ሥር ይመድበዋል። ለቢሊዮኖች ፕላኔቶች ለየብቻ ድምፅ መቅዳት ስለማይቻል ድምፁም የተዘጋጀው በዓይነት ነው። ድምፅ መለያ ሊሆን የቻለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ እያንዳንዱ ፕላኔት ፈጽሞ የተለየ ድምፅ ቢኖረው ኖሮ ጆሮ ምንም ሊማር አይችልም ነበር።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። አሳሹ ወደ ሥርዓቱ እንደገባ መጀመሪያ የግኝት ስካነሩን ይተኩሳል። ይህ ስካነር እንደ መኪና ጥሩምባ ያለ ረጅም ጩኸት ስላለው ተጫዋቾች ራሱን ድርጊቱን «ሆንክ» ይሉታል፤ የሚሰጠውም በሥርዓቱ ውስጥ ስንት አካላት እንዳሉ ብቻ ነው። ቀጥሎ መርከቡን ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት አውርዶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የተጨመረውን ሁሉን አቀፍ ስካነር ይከፍታል። በስክሪኑ ግርጌ የድግግሞሽ መስመር ይታያል፤ በመስመሩ ላይ እዚህም እዚያም ጉብታዎች አሉ፤ እያንዳንዱ የአካል ዓይነት በመስመሩ ላይ የራሱ ክልል አለው። ተጫዋቹ አንድ ክልል ላይ ሲያስተካክልና የስካነሩን መነጽር ወደ ምልክቱ ሲያዞር ምስሉ ገና ደብዛዛ ሳለ ድምፁ ይሰማል። ከዚያ ወደ ምልክቱ ሲያጠጋ ፕላኔቱ በግልጽ ይታያል፣ ስሙና ዓይነቱም ይመዘገባል። የማጥጋቱ ሂደት በእያንዳንዱ አካል ላይ ጥቂት ሰከንዶች ይወስዳል፤ ድምፁን የሚያውቅ ሰው ዋጋ የሌለውን ሳያጠጋ ስለሚያልፍ የሚቆጥበው እነዚያን ሰከንዶች ነው።

ድምፆቹን በቃላት መግለጽ አስቸጋሪ ቢሆንም የዋና ዋናዎቹ ጠባይ ግን ግልጽ ነው። የግዙፍ ጋዝ ፕላኔቶች ድምፅ ወፍራምና ጥልቅ ጉርምርምታ ነው። የበረዶ አካላት ቀዝቃዛ ነፋስን የሚያስታውስ፣ ላይኛው የድምፅ ክልል ላይ የሚንጠለጠል ድምፅ አላቸው። ብረት የበዛባቸው ዓለማት ላይ ብረታዊ ቃና ይሰማል። የውኃ ዓለም በእርግጥ ውኃ ውኃ ይላል፤ መሬት መሰሉ ዓለም ደግሞ ሕይወት ያለበት ቦታ መሆኑን በሚጠቁም እንቅስቃሴ የተሞላ ነው። አራት ኪሎ ታክሲ መያዣው ላይ የቆመ ሰው ወያላው የሚጠራውን የሠፈር ስም አጥርቶ ሳይሰማ፣ ከቅላጼውና ከአጠራሩ ፍጥነት ብቻ የእርሱ ታክሲ መሆን አለመሆኑን ያውቃል፤ የጌሙ አሳሽም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሁለቱም ድምፁን ክፍል በክፍል አይተነትኑም፤ የሚይዙት ጠቅላላ መልኩን ነው።

ከ2018 በፊት ይህ የጆሮ ብልሃት አሁን ካለው ይበልጥ ጠቃሚ ነበር። በዚያን ጊዜ የላቀው የግኝት ስካነር አንዴ ከተተኮሰ የሥርዓቱ ካርታ የሁሉንም አካላት ምስል ያሳይ ነበር እንጂ ዓይነታቸውን አይናገርም ነበር፤ ዓይነቱን ለማወቅ መርከቡን ወደ እያንዳንዱ ፕላኔት መንዳት ያስፈልግ ነበር፣ ሩቅ ከሆነም ጉዞው ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ሰማያዊና ነጭ ደመና የለበሰ ምስል ሁሉ መሬት መሰል አይደለም፤ ዓይን በቀላሉ ይታለላል። በካርታው ላይ ፕላኔቱን መርጦ ድምፁን ማዳመጥ ግን ያን ሁሉ ጉዞ ያስቀራል። በእኔ ግምት ብልሃቱ በተጫዋቾች መካከል የተስፋፋው ይህ ችግር ስለነበረ ነው፤ ዛሬ የድግግሞሽ መስመሩ ራሱ ዓይነቱን ስለሚጠቁም ድምፁ አረጋጋጭ ሆኗል።

ጆሮ ይህን ሥራ ከዓይን በተሻለ ሁኔታ የሚሠራበት ምክንያት አለ። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (በሰከንድ የሚቆጠር የንዝረት ብዛት) ያለውን ድምፅ ይሰማል፤ ሁለት ድምፆች በከፍታም በጉልበትም እኩል ቢሆኑ እንኳ በውስጣቸው ያሉት ተጓዳኝ ድግግሞሾች አቀማመጥ ከተለያየ ይለያቸዋል። ክራርና ዋሽንት አንድ ኖታ ሲጫወቱ የማይምታቱብን በዚህ ነው፤ ይህ የድምፅ ቀለም ይባላል። የጌሙ ድምፅ አዘጋጆች ዓይነቶቹን የለዩት በከፍታ ብቻ ሳይሆን በቀለምና በእንቅስቃሴ ጭምር በመሆኑ አንዱ ምልክት ቢሸፈን ሌላው ይቀራል። በተጨማሪም ሰው ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ ለብርሃን ከሚሰጠው በጥቂት መቶኛ ሰከንዶች ይቀድማል። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም የጎላው ጥቅም ሌላ ነው፦ ዓይን መነጽሩን እያነጣጠረ ሳለ ጆሮ ሥራ ፈት ስለሚሆን፣ ድምፅ ሁለተኛ መረጃ በትርፍ ያቀብላል።

እዚህ ላይ መሣሪያው ወሳኝ ይሆናል። በመሀል አዲስ አበባ፣ በተለይ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳና ቸርችል ጎዳና ባለው ክፍል፣ መንገድ ዳር ባለ ቤት ውስጥ የሚጫወት ሰው ከሁሉ በፊት የሚያጣው የግዙፍ ጋዝ ፕላኔቶችን ድምፅ ነው፤ ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው የላፕቶፕ ስፒከር ትንሽነት ነው፤ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ከነጉልበቱ ማውጣት ስለማይችል ጉርምርምታው ወደ ቀጭን ሹክሹክታ ይወርድና ከዐለት ወይም ከበረዶ ዓለም ጋር ይምታታል። ሁለተኛው የአካባቢው ጫጫታ ነው። መብራት ሲጠፋ ምድር ቤት ያለው ካፌ ጄኔሬተሩን ያስነሳል እንበል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚሽከረከር ባለ አራት ሲሊንደር ጄኔሬተር በሰከንድ 50 ጊዜ ያፈነዳል፤ ከዚያም በ100፣ በ150 ኸርዝ ተጓዳኝ ድምፆች ይከተላሉ። ዝቅ ያለ ድግግሞሽ ያለው ጠንካራ ድምፅ ከበላዩ በቅርበት ያሉትን ድምፆች ጭምር የመሸፈን ጠባይ አለው፤ በተቃራኒው ቀጭን ድምፅ ወፍራሙን እምብዛም አይሸፍንም። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ሲነሳ የበረዶ ዓለሞቹ ድምፅ ብዙም ሳይጎዳ ይሰማል፣ የጋዝ ፕላኔቱ ግን ይዋጣል።

መፍትሔው ድምፁን ከፍ ማድረግ ሳይሆን ጆሮን የሚከድን ሄድፎን መጠቀምና በጌሙ ማስተካከያ ውስጥ የሙዚቃውን መጠን ዝቅ ማድረግ ነው። ሙዚቃው ያምራል፣ አሳሽነትን ግን አይረዳም። ድምፅን ከልክ በላይ ማስጮህ ለረጅም ሰዓት ለሚጫወት ሰው ጆሮን የሚጎዳ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ጌሙ ብቻዬን ልጫወት ለሚል ሰው እንኳ የኢንተርኔት ግንኙነት የሚፈልግ በመሆኑ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ብቻ ሳይሆን ዋይፋዩም ኃይል ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ከድምፅ ጋር ባይገናኝም በዚህ ከተማ የሚጫወት ሁሉ የሚያውቀው ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፦ ፕላኔቶች በእውነት ድምፅ አላቸው ወይ? ድምፅ በአንድ ነገር ውስጥ የሚያልፍ ንዝረት ስለሆነ በፕላኔቶች መካከል ባለው ባዶ ሕዋ ውስጥ ጆሮ ሊሰማው የሚችል ድምፅ አይጓዝም። መርከብ ውስጥ የተቀመጠው አሳሽ የሚሰማው ሁሉ ኮምፒውተሩ ከመረጃ የሠራለት ድምፅ ነው ብሎ ማሰብ ይገባል። ከባቢ አየር ባላቸው ዓለማት ላይ ግን ድምፅ አለ፤ በመሣሪያም ተቀርጿል። የሶቪየት ኅብረቷ ቬኔራ 13 እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1982 ቬነስ ላይ አርፋ ድምፅ ቀድታለች። ፐርሲቪራንስ የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ማርስ ላይ ካረፈች በኋላ የነፋሱን ድምፅ፣ እንዲሁም ኢንጀንዊቲ የተባለችው ትንሽ ሄሊኮፕተር በምትበርበት ጊዜ የምታሰማውን የ84 ኸርዝ ጉርምርምታ በማይክሮፎን ይዛለች።

ከእነዚህ ቅጂዎች የተገኘው ትምህርት ለጉዳያችን ጠቃሚ ነው፤ እውነተኛ ከባቢ አየርም በድምፅ ላይ የራሱን አሻራ ይተዋልና። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በዋናነት በጋዙ ሙቀትና በሞለኪውሎቹ ክብደት ነው። በምድር ላይ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የማርስ አየር በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም ከባድ ጋዝ፣ ከዚህም ሌላ ቀዝቃዛ በመሆኑ የድምፅ ፍጥነት እዚያ ወደ 240 ሜትር ይወርዳል። የበለጠ የሚያስገርመው፣ ከ240 ኸርዝ በላይ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ከወፍራሞቹ በሰከንድ 10 ሜትር ያህል ቀድመው ይደርሳሉ። የዋሽንት ድምፅ ከፍታ በውስጡ ባለው ጋዝ የድምፅ ፍጥነት ስለሚወሰን፣ አንድ ዋሽንት በማርስ አየር ቢነፋ እዚህ ከሚያወጣው በግማሽ ኦክታቭ (አንድ ኦክታቭ ማለት ድግግሞሹ በእጥፍ የሚለያይበት ርቀት ነው) ገደማ ዝቅ ይላል። በአብዛኛው ሃይድሮጅን በሆነው የጁፒተር ላይኛ ከባቢ አየር ግን የድምፅ ፍጥነት ከምድሩ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ያው ዋሽንት ከአንድ ኦክታቭ በላይ ይቀጥናል።

ጌሙ እዚህ ላይ ከፊዚክስ ጋር ይለያያል። ግዙፉን ጋዝ ፕላኔት በጉርምርምታ የወከለው ሃይድሮጅን ድምፅን ስለሚያወፍር ሳይሆን፣ የሰው ልጅ ትልቅን ነገር ከወፍራም ድምፅ ጋር ማያያዝ ስለለመደ ነው፤ ከበሮው ትልቅ ሲሆን ድምፁ ይወፍራል፣ በሬውም ከፍየሉ ይልቅ በወፍራም ድምፅ ይጮኻል። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። ምልክት የሚመዘነው ቶሎ በመታወቁ ነው፤ ለፊዚክስ ታማኝ የሆነ ነገር ግን ማንም የማይገምተው ድምፅ ቢመረጥ ኖሮ ተጫዋቹ እያንዳንዱን በቃሉ መያዝ ይገደድ ነበር። ይሁን እንጂ ከጌሙ ተነስቶ «ጁፒተር እንዲህ ይላል» የሚል ሰው ተሳስቷል።

ጌሙ ከሳይንሱ ጋር በጣም የሚቀራረበው ሳይታሰብ በድግግሞሽ መስመሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በርናርድ በርክና ኬኔት ፍራንክሊን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ22.2 ሜጋኸርዝ ሲያዳምጡ ከጁፒተር የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ አገኙ። በኋላ እንደታወቀው ይህ ሞገድ የሚመነጨው ኤሌክትሮኖች በፕላኔቱ መግነጢሳዊ መስክ ዙሪያ እየተጠመዘዙ ሲጓዙ ነው፤ ድግግሞሹም የሚወሰነው በመስኩ ጥንካሬ ነው፦ ለእያንዳንዱ ጋውስ (የመግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ መለኪያ) 2.8 ሜጋኸርዝ ያህል። ሞገዱ በሚወጣባቸው የጁፒተር አካባቢዎች መስኩ እስከ 14 ጋውስ ስለሚደርስ ልቀቱ እስከ 40 ሜጋኸርዝ ይወጣል። የሳተርን መስክ ደካማ በመሆኑ የእርሱ ልቀት በ1.2 ሜጋኸርዝ ገደማ ያበቃል። የእኛም ምድር በዋልታዎቿ አካባቢ ከ1 ሜጋኸርዝ በታች ተመሳሳይ ሞገድ ትለቃለች። ስለዚህ በሬዲዮ መስመር ላይ ፕላኔቶች በእርግጥም የየራሳቸው ክልል አላቸው፤ የልቀቱን ጫፍ ያየ ሰው ፕላኔቱን ሳያይ የመስኩን ጥንካሬ ያሰላል።

ይህን ለማስተዋል ከአራት ኪሎ መራቅ አያስፈልግም። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ማለትም በ1957 እና በ1958 እ.ኤ.አ. ገደማ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እዚያው ግቢ ውስጥ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲለካ ኖሯል። ከተማችን ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች እዚህ ያለው መስክ 0.36 ጋውስ ያህል ብቻ ነው፤ በዋልታዎቹ ግን ወደ 0.6 ይጠጋል። ከእነዚህ ሁሉ ፕላኔቶች በምድር ላይ ባለ አንቴና ሊሰማ የሚችለው የጁፒተር ብቻ ነው፤ የላይኛው ከባቢ አየራችን አዮኖስፌር የሚባለው ክፍል በአብዛኛው ከ10 ሜጋኸርዝ በታች ያለውን ከሕዋ የሚመጣ ሞገድ ስለሚመልሰው ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ በመሆኗ ጁፒተር በየትኛውም ዓመት ወደ አናት ተጠግቶ ያልፋል፤ በዚህ ረገድ ከአውሮፓ አድማጮች የተሻልን ነን። ወደ 20 ሜጋኸርዝ የተስተካከለ አጭር ሞገድ ሬዲዮና ቀላል የሽቦ አንቴና ያለው ሰው፣ ከመሀል ከተማው የኤሌክትሪክ ረብሻ ራቅ ካለ፣ አንዳንዴ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ የሚል፣ አንዳንዴም ፈጥኖ የሚንጣጣ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ኪት ቢግ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳሳየው አዮ የተባለችው የጁፒተር ጨረቃ በምሕዋሯ የምትገኝበት ቦታ ድምፁ መቼ እንደሚበረታ ይወስናል።

መረጃን ወደ ድምፅ መለወጥ ለጨዋታ ብቻ የሚውል ነገርም አይደለም። የፖርቶ ሪኮዋ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዋንዳ ዲያዝ መርሴድ የዓይን ብርሃናቸውን ካጡ በኋላ ጥናታቸውን የቀጠሉት የቁጥር መረጃን ወደ ድምፅ በመለወጥ ነው። ዓይን በሥዕላዊ መግለጫ ላይ እንደ ረብሻ የሚያልፈውን ደካማ ምልክት ጆሮ አንዳንዴ እንደሚይዘው ሥራቸው አሳይቷል። የጌሙ ስካነር በዚህ ሚዛን ሲታይ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ድምፁ ዓይነቱን ይነግራል፣ መነጽሩን ማነጣጠር ግን ያለ ዓይን አይቻልም።

መማር ለሚፈልግ ሰው የተሻለው መንገድ ስሞቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማጥናት አይደለም። በመጀመሪያ አስቀድሞ በተመዘገበ ሥርዓት ካርታ ላይ አንድ መሬት መሰል ዓለም፣ አንድ የውኃ ዓለምና አንድ ከፍተኛ ብረት ያለው ዓለም እየቀያየሩ ማዳመጥ ይጠቅማል፤ እርስ በርስ የሚምታቱት እነዚህ ናቸውና፣ ከበረዶና ከጋዝ ጋር የሚሳሳት ሰው ጥቂት ነው። ፕላኔትና ጨረቃው በአንድ መስመር ላይ ተደራርበው በሚታዩበት ጊዜ ደግሞ የሚሰማው የየትኛው እንደሆነ ስለሚያሻማ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለቱንም ማጥጋት ይሻላል።

ጆሮ የማይደርስባቸው ነገሮችም አሉ። ድምፁ ስለ ዓይነቱ እንጂ ስለዚያ ፕላኔት ስበት ምንም አይናገርም። መሬት መሰሉና የውኃው ዓለም በጌሙ ውስጥ የማይታረፍባቸው በመሆናቸው ችግር አያመጡም፤ አደጋው ያለው በድምፁ ተራ በሚመስለው የዐለት ወይም የብረት ዓለም ላይ ነው። የስበቱ መጠን በካርታው ላይ በቁጥር ተጽፏል፤ ወራት የፈጀ ያልተሸጠ መረጃ የጫነ አሳሽ መርከቡ ከወደመ መረጃውን ሁሉ ስለሚያጣ፣ ለማረፍ አፍንጫውን ወደ ታች ከማዞሩ በፊት ያንን ቁጥር ማንበብ ይኖርበታል።